ሁለት ጣት ከፍታ

አርቪን ካውዲል በብሬመር ፎርክ የቤዝቦል ሜዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ ለጨዋታ አንዲት ኳስ እንኳ ወርውሮ አያውቅም። ሆኖም በዚያ ሜዳ ያሸነፈ ወርዋሪ ሁሉ የድሉ እኩሌታ የአርቪን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወርዋሪው የሚቆምበትን የሸክላ አፈር ጉብታ የሚሠራው እሱ ነበር። ከጨዋታ በኋላ ሌላው ቢራውን ይዞ ሲበተን እሱ ይንበረከክና እግር የቆፈረውን ጉድጓድ ይሞላል፣ ውኃ ያርከፈክፋል፣ ይጠቀጥቃል፣ በሸራ ይሸፍናል። ሕዝብ የሚያጨበጭበው ለወርዋሪ ነው፤ ለአፈር ማን ያጨበጭባል?

ደንቡ ጉብታው አሥር ኢንች ከፍ ይበል ይላል። በየዓመቱ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ከሊጉ ሜትር የያዙ ሰዎች ይመጣሉ፣ ይለካሉ፣ አሥር ሆኖ ያገኙታል፣ ፈርመው ይሄዳሉ። በማግስቱ አርቪን ሁለት ጣት ይጨምርበታል። ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል የተለቀቀች ኳስ በዱላ ሊመታት ለሚጠብቀው መቺ አትመችም። ሣሩንም ረዘም አድርጎ ያሳድገዋል፣ ረፋዱ ላይ ውኃ ያጠግበዋል፤ መሬት ለመሬት የተመታች ኳስ እዚያ ስትገባ ማጥ ውስጥ እንደገባ በሬ ትዘገያለች፣ ተከላካዩም ደርሶ ያነሳታል።

ይሄ ሌብነት ነው የሚል ካለ የሜዳ ሠራተኛን ሙያ አያውቅም። በሊጉ ውስጥ የራሱ ተንኮል የሌለው አንድም አልነበረም። ወንዙን ሽቅብ አርባ ማይል ርቆ የሚሠራው ዱዌን ስፐርሎክ፣ የአርቪን የዘመናት ወዳጅ፣ የሜዳውን የጠርዝ መስመር ዓይን በማያየው መጠን ወደ ውስጥ አዘንብሎት ነበር፤ የራሱ መቺዎች ቀስ አድርገው የሚያንከባልሏት ኳስ ከመስመር አትወጣባቸውም። እንግዳ ቡድን ይመጣል፣ ተራግሞ ይሄዳል፤ አገሩ ሲገባ የራሱን ሜዳ ሠራተኛ ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ሮይስ ፔታዌይ ወደ ብሬመር ፎርክ ሲመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ትልቅ ቡድን ትከሻው ተበላሽቷል ብሎ አሽቀንጥሮ ጥሎታል። አሠልጣኙ ሳይጠይቀው በፊት የጠየቀው አርቪን ነው።

«መቼ ላይ ነው የሚያምህ?»

«ኳሷን ስለቃት። ቁልቁል ስሆን ግን ቀለል ይለኛል።»

«እንግዲያው ቁልቁል እንልክሃለና» አለና አካፋውን አነሳ።

ሮይስ በዚያ ጉብታ ላይ ለቡድናችን ለአምባዛዎቹ አሥራ አንድ ዓመት ወረወረ። ግራ እግሩ የሚያርፍባትን ቦታ አርቪን በጠንካራ ሸክላ ለይቶ ይሠራለት ነበር። በመካከላቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። ሮይስ የመጀመሪያዋን ኳስ ከመወርወሩ በፊት ጉብታውን በተረከዙ ሁለት ጊዜ መታ ያደርግና ወደ ዕቃ ቤቱ በር ያያል፤ አርቪን ከበሩ ላይ አካፋውን ከፍ ያደርግለታል። ያኔ ጨዋታው ይጀመራል። አርቪንና ሚስቱ ቨርና ልጅ አልነበራቸውም፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል።

ሮይስ መጫወት ካቆመ በኋላ ሊጉ ሰማያዊ ኮት አልብሶ ሥራ ሰጠው፦ ነጥብ ጠፍቷልና መላ ፈልግ። እውነት ነው ጠፍቶ ነበር። አንድ ለዜሮ፣ ሁለት ለአንድ፤ ሰዉ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ መኪናው ያዘግማል። ከሁሉም ያነሰ ነጥብ የሚቆጠረው ደግሞ የእኛው ሜዳ ላይ ነበር።

በመጋቢት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሮይስ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ብቅ አለ።

«ሽማግሌው! አሁንም አልሞትክም?»

«አንተን ሳልቀብር? ይልቅ ግባ፣ ኮትህን ግን ምንም ነገር አታስነካ።»

ቨርና የተጠበሰ ሞርታዴላ ሳንድዊች ይዛ መጣች። ሮይስ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን አውጥቶ መዶሻና ምስማር በተበታተነበት ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋው።

«እስቲ የድሮውን አጫውተኝ። ለእኔ ስንት ነበር የምታደርግልኝ? አሥራ አንድ?»

«አሥራ ሁለት። ዋንጫ የበላህባት ቀንማ አሥራ ሦስት ሳትደርስ አትቀርም።»

«አንተ ሌባ!»

«ጠበቃህ በለኝ እንጂ።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰው የሚሰማው ሲያገኝ አፉ ይፈታል። አርቪን ሣሩን አወራ፣ ውኃውን አወራ። «ውኃ ማለት ደሞዝ የማይጠይቅ ተከላካይ ነው» አለ፤ ይህችን አባባሉን በሊጉ ውስጥ ያልሰማት ሜዳ ሠራተኛ የለም። ጨዋታ ሲደምቅለት ጊዜ የዱዌንንም ዘንበል ያለ መስመር አነሳ። ይህን ለማንም እንዳትል አላለም። ለሮይስ እንዲህ አይባልም።

ማታ ቨርና ሳህን እያጠበች፣ «ስልኩን ለምን ደፋው?» አለች።

«ምኑን?»

«ሰው ስልኩን ሲደፋ ወይ ሚስቱን እየሸሸ ነው ወይ ሰው እየቀዳ ነው። ሮይስ ደግሞ ሚስት የለውም።»

«አንቺ ደግሞ! ሮይስ ነው እኮ!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሮይስ የጻፈው የሊጉ ጥናት ለየቡድኑ ታደለ። ጉብታው አንድ ጫማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ኳሷ ሩቅ ስትመጣ መቺው አይቶ ይመታታል። ከፍታው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ይለካል። የጠርዝ መስመር ሁሉ በገመድ ይቀናል። ሣሩ ይታጨዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሰው እጅ የማያስፈልገው የፕላስቲክ ሣር ይነጠፋል። ምክንያቱም ተዘርዝሯል። «አንድ አንጋፋ የሜዳ ሠራተኛ እንደገለጹት፣ ውኃ ደሞዝ የማይጠይቅ ተከላካይ ነው።» አርቪን ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበባት። የገዛ ድምፁን ከወረቀት ላይ ሰማው።

ዱዌን በየሰኞው ይደውል ነበር። የዚያን ጊዜ ግን በረቡዕ ደወለ።

«የእኔን መስመር ማን ነገራቸው?»

አርቪን የጥናቱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«የአንተን ሁለት ጣት እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ አውቃለሁ፣ አርቪን» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ሰኞ መጣ፣ ሰኞ ሄደ፤ ስልኩ አልጮኸም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። አርቪን የወደቀው በዚያ ዓይነት ነው። በዚያው ሳምንት ሮይስ ዘንድ ደወለ።

«ስምህን እኮ አልጻፍኩም» አለው ሮይስ።

«ንግግሬን ጻፍክ።»

«ጨዋታው እየሞተ ነው። ሕዝቡ ቁጭ ብሎ እያንቀላፋ ነው። ለአንተም አስቤ ነው።»

«ለእኔ? ፕላስቲክ ላይ ምን እንድኮተኩት?»

እውነቱን ለመናገር አዲሱ ደንብ ሠራ። ከውድድሩ በፊት በተደረገ የሙከራ ጨዋታ አሥራ ሦስት ለአሥራ አንድ ወጡ፤ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ፣ አንድም መኪና ከማቆሚያው ቀድሞ አልወጣም። አርቪን ከዕቃ ቤቱ በር ሆኖ አየ። ጥናቱ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ይስቅ ነበር። ሮይስ ግን ወጪት ሰባሪ ብቻ ሳይሆን ትክክልም ሆኖ አረፈው፤ አንጀት የሚያሳርረው ይሄ ነው።

ውድድሩ በሚከፈትበት ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት የምትወረወረውን የክብር ኳስ እንዲወረውር የተጋበዘው ሮይስ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰማያዊ ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ የድሮ ማሊያውን ለብሶ ወደ አርቪን መጣ። ሊለኩ የመጡት ሰዎች ገና ምሳቸውን እየበሉ ነበር።

«አርቪን፣ ይሄ ትከሻ… ከድሮውም ብሶበታል። ከዚያ ርቀት ላይ አልደርስም። ትንሽ ከፍ አድርግልኝ። እነሱ ከለኩ በኋላ። እንደ ድሮው።»

አርቪን አየው። እየቀለደ መስሎት ነበር፤ አልቀለደም። ሰውዬው ያንን ሁሉ ጽፎ፣ ሁለቱ ጣቶች አሁንም እንደሚጠብቁት ቆጥሮ ነበር። አርቪን ከኪሱ ሜትሩን አወጣና እጁ ላይ አኖረለት።

ሰዎቹ ለኩ። አሥር ኢንች፤ ፀጉር አልጎደለም፣ ፀጉር አልበለጠም። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ተነሣ። ሮይስ ጉብታው ላይ ወጣ፣ በተረከዙ ሁለት ጊዜ መታ አደረገ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ በር አየ። የአርቪን እጅ ከነአካፋው በልማዱ እስከ ደረቱ ተነሣ። እዚያ ቆመ። ከዚያ አካፋውን መልሶ መሬት አስነካው።

ኳሷ መቺው የሚቆምበት ነጭ ሰሌዳ ጋ ሳትደርስ መሬት መታች፣ ነጥራ ወደ ጎን ሄደች። ሰዉ ከፍቅሩ የተነሣ አጨበጨበ። ሮይስ ትከሻውን ይዞ በዕቃ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ቆመ።

«ሁለት ጣት ብቻ ነበር የለመንኩህ» አለ። «ለአንዲት ኳስ።»

«እኔ ደግሞ እንዳትናገርብኝ መለመን እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር» አለው አርቪን።

ሮይስ አቀርቅሮ ሄደ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን አርቪን ዱዌን ትዝ አለው። ዱዌንም ለምኖት አያውቅም ነበር።

ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። አርቪን ባልዲውን ይዞ ወደ ጉብታው ወጣ። የሮይስ ግራ እግር የቆፈረው ጉድጓድ ከድሮ ቦታው አንድ ጫማ ወደ ኋላ ነበር። ተንበርክኮ ሞላው፣ ውኃ አርከፈከፈበት፣ ጠቀጠቀው።