አማቴ፣ ጉንዳኑና የሻይ ኪኒኑ

በደርግ ጊዜ መተማ ዮሐንስ ላይ ሻይ ቤት ነበረኝ። ከቤቴ የማይጠፉ አንድ ደንበኛም ነበሩኝ፤ የሚስቴ አባት። በር ላይ ካለችው አግዳሚ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይቀመጡና ከሱዳን በኩል ከገላባት የሚሻገረውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ሻይ የሚጠጡት እንደ ሱዳኖቹ ነው፤ የብርጭቆው ግማሽ ስኳር ሆኖ፣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ እስኪቆም። ስኳር ያኔ ከቀበሌ በራሽን ነው የሚገኘው። የጎደለውን ድንበሩ ይሞላዋል።

አንድ መኸር ላይ የታጨደ ሰሊጥ ጉቶ የእግር አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። ቁስሉ አልደርቅ አለ። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ሽንታቸውን መርምሮ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ነገራቸው፤ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ቁስሉንም እየመጡ እንዲያሳጥቡ አዘዛቸው። እኔን ደግሞ ገለል አድርጎ፣ ጣፋጭ ካልተዉ ጣታቸው ጎንደር ሆስፒታል እንደሚቆረጥ፣ ከባሰም እግራቸው እንደሚከተል አስጠነቀቀኝ። ሰውየው እኮ ዘመድ ለመጠየቅ ቋራ ገለጉ ድረስ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ሚስቴ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እሳቸው ግን አላዘኑም። ስኳር ቢከለከል ሌላ የሚጣፍጥ መች ይጠፋል ብለው ፍለጋ ገቡ። መጀመሪያ ማር አሉ፤ የቋራ ማር መድኃኒት ነው፣ ማንን ገድሎ ያውቃል? ጤና ረዳቱ፣ ለእርስዎ ያው ነው አላቸው። ተምር አሉ፤ እሱም ያው ነው። የሱዳኖቹን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ከርከዴን አሉ፤ ከርከዴው ባልከፋ፣ እሳቸው የሚጨምሩበት ስኳር ነው እንጂ። ጤና ረዳቱ ሲቸግረው፣ ለጣዕሙ ያህል ከሆነ ሳካሪን የሚባል ደቃቅ ኪኒን ከገላባት እንደሚመጣ፣ ሻይ ቢያጣፍጥም ስኳር እንዳልሆነ ነገራቸው።

አማቴ ሳይፈትኑ የሚቀበሉት ነገር የለም። ከግቢያችን ጥግ የጉንዳን ጉድጓድ ነበር። እዚያ አጠገብ ስኳር በተኑ፣ ማር ጠብ አደረጉ፣ ተምር ሰንጥቀው አኖሩ፣ በመጨረሻ ኪኒኗን አስቀመጡና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ጉንዳኑ ስኳሩን ተሸከመ፣ ማሩ ውስጥ ሰጠመ፣ ተምሩን ወረረ። ኪኒኗን ግን ዞሮ አለፋት። ሚስቴ ደስ ብሏት፣ ይኸው ስኳር አለመሆኑ ታወቀ አለቻቸው።

"ጉንዳን የናቀውን እኔ ልጠጣ?" አሉ።

ያም ሆኖ የልጃቸው ፊት አሳዘናቸውና እሺ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው እያየ ኪኒኗን ከትንሿ ጣሳ አውጥተው ብርጭቆው ውስጥ ይጨምራሉ፣ ረጋ ብለው ያማስላሉ። ሚስቴም እፎይ አለች። ቁስሉ ግን እንደ ረጠበ ከረመ። ይባስ ብሎ፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ ጠዋት ጠዋት ሽንታቸውን የሚሸኑበት ቦታ ላይ ጉንዳኑ መንገድ አውጥቶ ሲመላለስ አየሁ። እኔ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነኝ፤ የሕክምና ነገር አይገባኝም። ጉንዳን ምን እንደሚወድ ግን አውቃለሁ። አማቴ የሆነ ቦታ ስኳር ያገኛሉ ማለት ነው።

ልጠይቃቸው እንዳልል፣ በእኛ ደንብ አማች አማቱን ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ ስለ ሽንታቸው ሊያወራ ኖሯል? ከሩቅ እከታተላቸው ጀመር።

ነገሩን የገለጠልኝ ለሰሊጥ ሥራ ከወሎ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። አማቴ አጠገብ ተቀምጦ ሻዩን ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

"ጋሼ፣ ይኸ ሻይህ ሚስማር ሚስማር ይላል" አለኝ።

ከእሱ በፊት ሹፌሮችም እንደዚሁ ሲያጉረመርሙ ሰምቼ፣ የጉድጓዱ ውሃ ይሆናል ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ዓይኔን ጣልኩ። ሌላ መንገደኛ መጣና ሁለት ሻይ ቀረበ። አማቴ ኪኒናቸውን ጨመሩ፣ አማሰሉ። መንገደኛው የራሱን ሳያነሳ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። "እንካ ልጄ፣ ከእጄ ጠጣ" አሉት። የሽማግሌ እጅ ማን ይመልሳል? ብድግ ብሎ ተቀበለ። ስኳር ያለባት የእሱ ብርጭቆ እፊታቸው ቀረች። መንገደኛ ሁሉ የመተማው ሽማግሌ እንግዳ አክባሪነት እያለ ሲያወራላቸው፣ እሳቸው ለካ ስኳራቸውን ይልሳሉ።

ለሚስቴ ብነግራት ቤቱ ይታመሳል። ስለዚህ ከማግስቱ ጀምሮ እሳቸው አጠገብ ለሚቀመጥ ሁሉ ሻዩን ጓዳ ውስጥ በኪኒን እያጣፈጥኩ አቀርብ ጀመር። እንግዳውን ሊሄድ ሲነሳ ወደ ጓዳ እጠራና፣ ይቅርታ ብዬ እውነተኛውን ሻይ በነጻ እክሰዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አማቴ ብርጭቆ ለወጡ፣ ፉት አሉ፣ ቆም አሉ። ደግመው ፉት አሉና ዞሩ።

"ስኳሩ ምን ሆነ?"

"ራሽኑ ዘገየ፣ አባባ።"

ይህን ስል ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሹፌር ስኳር በማንኪያ እየዛቀ ነው። አይተውታል። ማየታቸውንም አይቻለሁ። ቢቆጡ የብርጭቆው ነገር ሊወጣ ነው፤ እኔም ብናገር አማቴን ላዋርድ ነው። ስለዚህ እሳቸው እየለወጡ፣ እኔ እያጣፈጥኩ፣ በመከባበር ሰነበትን። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ጉንዳንም እየሳሳ ሄደ።

አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል ጠሩኝ። እንደ ደንቡ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

"አንተ ልጅ፣ የገላባትን ኪኒን በሙሉ በእኔ ልትጨርስ ነው?"

"ኧረ አባባ፣ እኔ እኮ..."

"ተው። ሚስማር ስልስ ከምኖር መራራውን አምጣው። ምንም አታግባበት።" ከዚያ ጨርቅ የታሰረበትን ጣታቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እግሬን እፈልገዋለሁ።"

መራራውን አቀረብኩ። የመጀመሪያዋን ጉንጭ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጧት። ሲውሉ ሲያድሩ ለመዱት፤ ቁስሉም እየደረቀ መጣ። ጤና ረዳቱ ጨርቁን ፈትቶ፣ ጠበብ የማይል ጫማ ማድረግ ይችላሉ ሲላቸው ሚስቴ አሁንም አለቀሰች፤ የዛሬው ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መራራ የሚጠጡት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ በአገሩ ሁሉ ይኩራሩበት ጀመር። ሹፌር ሁለተኛ ማንኪያ ስኳር ሲያነሳ ካዩ፣ "የማን ልጅ ነህ? ጡት ሳትጠግብ ነው እንዴ ያስጣሉህ?" ይሉታል። ሚስቴ ደንበኛ አባረሩብን ብላ ትብሰለሰል ነበር። ግን ማንም አልቀረም። ያ ሁሉ ግዙፍ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ብርጭቆውን በኩታው ከልሎ በጓሮ በር ጓዳ ይገባና፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ በሹክሹክታ ስኳር ይለምነኛል።