ጡሩምባ የለመደው ፈረስ

ትናንት ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ፣ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ከኋላዬ መጥቶ ጡሩምባውን ሲነፋብኝ ከነከዘራዬ ቱቦ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። የአባቴ ፈረስ ቦራ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር።

ልጅ ሳለሁ አባቴ በቦሌ መንገድ ጋሪ ይነዳ ነበር። አስፋልት ሊመጣ ነው ሲባል ሌላው ባለጋሪ ሲያወራ እሱ ተዘጋጀ። ከጋራዥ አሮጌ የመኪና ጡሩምባ ገዛና ጠዋት ጠዋት በቦራ ጆሮ ሥር ያስነፋኝ ጀመር።

«ንፋ እንጂ! ሾፌር ይራራለታል እንዴ?» ይለኛል።

የጡሩምባውን ላስቲክ ስጨምቅ ቆይቼ እጄ ጎማ ጎማ ይሸታል። ቦራ መጀመሪያ በርግጎ አጥር ሰበረ፤ እየዋለ እያደረ ግን ብነፋበትም ሣሩን ማላመጥ አያቆምም ነበር።

አስፋልቱ በተነጠፈ ሰሞን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«ጌታዬ፣ ፈረሴ እኮ መኪና አይፈራም» አለ አባቴ በኩራት።

«ማን ይፈራል አለህ? ጋሪ አስፋልት ላይ ክልክል ነው፤ ተመለስ!»

አባቴ ልጓሙን ይዞ በእግሩ እየተመለሰ፣ «ያልተጠየቅነውን አጠናን» አለ። ተማሪው እኔ ሆኜ ሳለ፣ እሱ ምን ያጠናል ብዬ ግራ ገባኝ። ቦራን ወር ሳይሞላ ሸጠው።

ዛሬ ማታ ደግሞ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ልብስ የምትሰፋው የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ልትማር ተመዝግባ መጣች።

«ብቻውን የሚሰፋ ማሽን ሊመጣ ነው አሉ፣ አባባ። ተዘጋጅቼ ልጠብቀው ብዬ ነው። ይጠቅመኛል አይደል?»

«እንዴታ!» አልኳት። ይህን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ የተሻለ ውሸት አልመጣልኝም።