ግሮሰሪ በር ላይ የሰቀልኩት ሸራ

ረቡዕ ጠዋት፣ ባሕር ዳር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት አንድ ሸራ አውርጄ፣ አንድ ወረቀት አስፈርሜ ልመለስ ነው። ሸራውን ዓምና ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ግሮሰሪ በር ላይ የሰቀልኩት ራሴ ነኝ። የምሠራበት የወይን ጠጅ ፋብሪካ ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ የወይን ዘለላ ተሥሎበታል። ከግሮሰሪው ፊት ለፊት ትምህርት ቤት አለ። ወይኑን ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አሳምሮ መደርደር አይከለከልም፤ ትምህርት ቤት አጠገብ የመጠጥ ማስታወቂያ መስቀል ግን ክልክል ነው። ይህን ዓምናም አውቅ ነበር። መመሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የወሩ ሽያጭ ስለጎደለብኝ ባለግሮሰሪዋን እትየ አትጠገብን «ችግር የለውም፣ ሕጋዊ ነው» ብያቸው ሰቀልኩት።

አሁን ማስታወቂያ ከሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣባቸው። እስከ ዓርብ በጽሑፍ መልስ ካልሰጡ ግሮሰሪው ይታሸጋል። እርሳቸው ደግሞ ከዚያች ግሮሰሪ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አለቃዬ ያዘጋጀው ወረቀት «ሸራውን ከቤት ውስጥ ብቻ እንድጠቀምበት ተነግሮኝ ተረክቤያለሁ፤ ውጭ የሰቀልኩት በራሴ ፈቃድ ነው» ይላል። እርሳቸው ከፈረሙ ፋብሪካው ነጻ ነው፤ እኔም ነጻ ነኝ። ጥፋቱ የእርሳቸው ይሆናል።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሒሳቡ ሦስት መቶ ብር ነው። ሰኔ ስለሆነ የፎገራ ሜዳ ለሩዝ እየታረሰ ነው፤ በሬዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። ወረታን አልፈን ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር ሙቀቱ ወደ ኋላ ቀረ። ዓለም በር ላይ ሹፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ፤ እኔም ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ከጎኔ የተቀመጠ የገብስ ነጋዴ ምን እንደምሸጥ ጠየቀኝ። ወይን ጠጅ ስለው፣ በዚህ ብርድ ማን ይጠጣዋል፣ አረቄ አታመጣም ወይ ብሎ ሳቀብኝ።

ረፋድ፣ ደብረ ታቦር

አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። ሹራቤን ደርቤ ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ጋፋት መውጫ ሄድኩ። የግሮሰሪው በር ላይ ሸራ የለም፤ የሰቀልኩባቸው ምስማሮች ብቻ ቀርተዋል። አንዱ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ እፎይ አልኩ።

ጎረቤት ያሉት ልብስ ሰፊ አቶ ሰይድ፣ እትየ አትጠገብ ልቅሶ ላይ እንደሆኑ ነግረውኝ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር በጣታቸው አሳዩኝ። የእድሩ ድንኳን ከአጥሩ ተጠግቶ ተተክሏል። በድንኳኑ ጫፍ ላይ የፋብሪካችን ስም ከነዘለላው ወደ ተማሪዎቹ መግቢያ ዞሮ ተዘርግቷል። የእትየ አትጠገብ ዓይን ስለደከመ ደብዳቤውን ያነበቡላቸው አቶ ሰይድ ናቸው። እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ደብዳቤው ማስታወቂያው ከግሮሰሪው በር ይውረድ ስለሚል እትየ አትጠገብ የዚያኑ ዕለት አወረዱት። የእድሩ ድንኳን ደግሞ ጠባብ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግማሹ ለቀስተኛ ይደበደባል። ስለዚህ ሸራውን ለእድሩ ሰጡ፤ አቶ ሰይድም ከድንኳኑ ጋር ሰፉት። ሕግ እናክብር ብለው ማስታወቂያውን ጭራሽ ወደ ትምህርት ቤቱ አስጠጉት። ጥፋቱ የእኔ ባይሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ልቅሶ ቤት ገብቶ ሸራዬን አውርዱልኝ አይባልም። ገባሁና «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ፤ ንፍሮ ዘገኑልኝ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ እኔም ከራሴ ማስታወቂያ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተጠለልኩ። ሸራው አንዲት ጠብታ አላሳለፈም፤ ዕቃው ጥሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ግሮሰሪው ውስጥ

ዝናቡ ሲያባራ እትየ አትጠገብ ወደ ግሮሰሪው ወሰዱኝ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ሽሮ አቅርበው በሞቴ እያሉ ያጎርሱኝ ጀመር። ደብዳቤውን ላመጣችላቸው ተቆጣጣሪ የነገሯትንም አጫወቱኝ፤ የፋብሪካው ልጅ ሕጉን ያውቀዋል፣ እሱ መጥቶ ያስረዳችኋል ብለዋታል። ወረቀቱን ሳወጣ እጃቸውን ታጥበው እስክሪብቶ ያዙ።

«የቱ ላይ ነው የምፈርም?»

«መጀመሪያ ላንብብልዎት።»

«ምን ያረግልኛል? ያመጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ጣቴን መፈረሚያው ቦታ ላይ አስቀምጬላቸው ነበር። እርሳቸው ወደ ወረቀቱ አጎንብሰው፣ ዓምና ታማለች ያልኳቸው ልጄ ድና እንደሆነ ጠየቁኝ። ድናለች አልኳቸው። ጣቴን አነሣሁና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«እንዲህ ብለኸኝ ነበር?»

«አላልኩም።»

«እኔ ረስቸው ይሆን ብየ እኮ ነው።»

በዚህ ሥራ ብዙ ተሰድቤያለሁ። ያን ቀን ግን ማንም ሳይሰድበኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሕጉን አውቄ እንደዋሸኋቸው ነገርኳቸው። እንጀራው ገና አላለቀም ነበር፤ ብላ አላሉኝም።

ሐሙስ

ያደርኩበት አልቤርጎ አልጋ ላይ ተቀምጬ በእጄ ጻፍኩ፦ ሸራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ክልክል መሆኑን እያወቅሁ ሕጋዊ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ጠዋት ለተቆጣጣሪዋ ሰጠኋት። ወጣት ናት፤ ሁለቴ አነበበችው። ለፋብሪካው እንደምትጽፍና ስሜ እንደሚጠቀስ አስጠነቀቀችኝ፤ ይሁን አልኩ። ግሮሰሪው እንደማይታሸግ፣ ለእትየ አትጠገብ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንደሚጻፍላቸው ነገረችኝ። ስለ ድንኳኑ ስጠይቃት፣ ልቅሶ ላይ ድንኳን እንደማታስፈርስ፣ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ሲነሣ ሸራው ተፈትቶ እንዲወሰድ ነገረችኝ።

ገበያ ወርጄ ጽሑፍ የሌለበት ሸራ ገዛሁና ለአቶ ሰይድ ሰጠኋቸው። ድንኳኑ ሲነሣ የእኛን ሸራ ፈትተው አዲሱን ሰፉበት።

ማኅተም ያለበትን የጽሑፌን ግልባጭ ለእትየ አትጠገብ ወሰድኩላቸው። ላንብብልዎት ወይ አልኳቸው። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ጎረቤት ዞሩ።

«ሰይድ፣ ና እስቲ ይህን አንብብልኝ።»

አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኩ። አቶ ሰይድ ከቀኑ እስከ ማኅተሙ አነበቡላቸው። ሲጨርሱ እትየ አትጠገብ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና በሰላም ግባ አሉኝ።

ዓርብ፣ ባሕር ዳር

ሸራውንና የጽሑፌን ሌላ ግልባጭ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የፈረሙበት ወረቀት የት አለ አለኝ። አንብቤላቸው አልፈረሙም አልኩት።

«አንብብላቸው ማን አለህ?»

ውሳኔ እስኪሰጥ ከሽያጭ ሥራ ተነሥቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለባለሱቆች ሕግ ስነግር ኖሬ ከረቡዕ በፊት አንድም ቀን ወረቀት አንብቤላቸው አላውቅም፤ ስለሚያምኑኝ ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር። ከእንግዲህ እትየ አትጠገብ እኔ ያመጣሁትን ወረቀት ሌላ ሰው ሳያነብላቸው አይቀበሉም። ልክ ናቸው።