ሳይገምቱ መጫን የማይፈቅዱት ጋሽ ሰይድ

ጋሽ ሰይድን ለምታውቁ ሁሉ፦ መምህራችን ባለፈው ማክሰኞ ለሥራ ሲሰናዱ በድንገተኛ የልብ ሕመም እዚሁ ዶሃ ወደ አኼራ ሄደዋል። በማግስቱ ቀብረናቸዋል።

ጋሽ ሰይድ ደሴ ሳሉ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። እዚህ ግን አል ሰድ ሰፈር ባለ አንድ ሕንጻ በር ላይ በጥበቃነት ሠሩ። ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አል አስማኽ ሰፈር ወዳለች ኢንተርኔት ቤት እኛን የሐበሻ ልጆች ይሰበስቡን ነበር። ቤተ ሙከራ ባይኖረንም ባትሪና አምፖል በስክሪን ላይ የምናገናኝበት ድረ ገጽ ነበረን። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ከመጫናችን በፊት ግምታችንን ከነምክንያቱ ደብተር ላይ መጻፍ። የኢንተርኔቱ መስመር ተንቀራፍፎ እኛ ስንነጫነጭ እሳቸው ደስ ይላቸዋል። «ያላ፣ የማሰቢያ ጊዜ ተጨመረልን!» ይላሉ። የተሳሳተ ግምት መሰረዝም ክልክል ነው። «ስህተትሽን ካጠፋሽው በምን ልትማሪ ነው?» ይሉኝ ነበር።

እኔ ግን መሳሳት አልወድም። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጎበዝ መባል ያምረኛል። አንድ ዓርብ «በዚያው ሽቦ ላይ ሁለተኛ አምፖል ብናስከትል ብርሃኑ ምን ይሆናል?» አሉን። ዞር ሲሉ ቀድሜ ተጫንኩ። ሁለቱም ደብዝዘው አየሁና «ይደበዝዛሉ» ብዬ ጻፍኩ።

«ማሻአላህ ዘሀራ! ለምን ይደበዝዛሉ?»

«እንዲሁ… መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ኸላስ፣ ይሁን» ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ።

እውነቱን ልነግራቸው ስንት ጊዜ አስቤ አፈርኩ። ሥራ ስይዝ ደግሞ ጭራሽ ቀረሁ። ሲደውሉልኝ «ኢንሻአላህ እመጣለሁ» እላለሁ፤ አልሄድኩም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከቀብር ስንመለስ አብሯቸው ይኖር የነበረው ሾፌሩ አብዱ የመምህርነት ደብተራቸውን ሰጠኝ። በስሜ አንጻር እንዲህ ይላል፦ «ዘሀራ ዛሬ አይታ ጻፈች። ባሳፍራት ትሸሻለች። ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።» ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ትተዋል።

ጋሼ፣ አይቼ ነው የጻፍኩት። ለምን እንደሚደበዝዙ ያን ቀን አላወቅሁም ነበር፤ ብጠይቅዎ ደስ ብሎዎት ያስረዱኝ ነበር። ባዶዋን መስመር ዛሬ ይህንኑ ጽፌ በእጄ ሞላኋት። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ። አፉ ይበሉኝ፣ ብዙ አስጠብቄዎታለሁ።