በበዓል ቀን የጻፍኩት ዜሮ

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ስንኖር ግቢያችን ውስጥ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የዝናብ መለኪያ ተክሎ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃውን ቁጥር ባለበት ብርጭቆ ለክቼ ቅጽ ላይ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ቅጹን አሥራ አንድ ዓመት ሞላሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የመመረቂያ ጽሑፏንም በዚያው ቅጽ ላይ ልትሠራ መረጠች።

ይህ የሆነው መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከወረድን በኋላ ነው። መብራት በፈረቃ ስለነበር በመጣ ቁጥር ኮምፒዩተሯ ላይ ትጣደፋለች። በስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነበር የምትሠራው። ሳይለካ የቀረ ቀን ካለ፣ ፕሮግራሙ የአካባቢውን የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች አይቶ ይገምታል። "ያንቺ ግን አንድም የጎደለ የለውም" እያለች ትኮራብኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠራችኝ።

"እማዬ፣ ቀኑን ከፈረንጅ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ሐምሌም ይሁን ነሐሴ፣ በአሥራ ስድስት ዝናብ የለም። በአሥራ ሰባት ደግሞ እጥፍ ነው። ኪዳነ ምሕረት ደመናውን ታስረዋለች እንዴ?"

እየሳቀች ነበር። እኔ ወንበር ፈለግኩ።

"በዕለቷ ሥራ አልነካም ነበር" አልኳት። "የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ባዶ ሳጥን ሲያዩ ይቆጡኛል ብዬ ዜሮ እጽፍበታለሁ። ውሃውን በማግሥቱ አብሬ እለካዋለሁ።"

ሳቋ ቆመ። "ባዶውን ብትተዪው እኮ የጎደለ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ዜሮ ማለት ለክቻለሁ፣ አልዘነበም ማለት ነው።"

"እንግዲያው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስቱን አውጪው።"

"እሱ ብቻ ነው?"

እሱ ብቻ አልነበረም። ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፤ አንዳንዱን ወር አክብሬያለሁ፣ አንዳንዱን ለክቻለሁ። አባቷ በታመመበት ክረምት ደግሞ ከሆስፒታል ስመለስ የሳምንቱን ባንድ ጊዜ በግምት ሞልቻለሁ። ወረቀቱን ዘርግታ በጣቷ እያሳየች፣ "ይሄስ? ይሄኛውስ?" አለችኝ። ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አቃተኝ።

አማካሪዋ የእኛ ጣቢያ በሙሉ ይውጣ አላት። አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ ኮምፒዩተሯ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች፤ አሥራ አንዱም ዓመት "የጎደለ" ሆነ። በሌላ ጣቢያ ቁጥር እንደገና ጀመረች። ምረቃዋ በአንድ ዓመት ዘገየ።

አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ለዚህም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ያ ሁሉ ክረምት ግን በእኔ እጅ አለፈ፤ ስንት እንደ ዘነበ አሁን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።