ሰባት ዓመት ያልጠየቅኋት ሚስቴ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባረክ! እኔ መሪ መያዝ እንጂ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አላውቅበትም፤ ግን ጌታ ያደረገልኝን ዋጥ አድርጌ መቀመጥ አቃተኝ።

ከነገሌ ዶሎ በጭነት መኪና ስመላለስ ታውቁኛላችሁ። ወላጆቼ በልጅነቴ ሞተውብኝ ያደግሁት አጎቴ ቤት ነው። እዚያ ቤት ያለቀሰ ይገረፋል፤ ዝም ማለትን ተማርኩ። ጫልቱን ከቦሬ አግብቼ ሳመጣም ያው ነበርኩ። ከዶሎ ቴምር፣ ስኳር፣ ሻሽ አመጣላታለሁ፤ በልቼ እተኛለሁ። «ዕቃ ያመጣ ባል ምን ጎደለው?» እል ነበር። ልሄድ ስል «መቼ ይመለሳሉ?» ትለኛለች። እንዴት ያናድደኝ ነበር! «ስመለስ ታዪኛለሽ» ብዬ ሞተር አስነሳለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አንድ ቀን ከፊልቱ ስገባ በትኩሳት ወድቃ፣ ደም እየፈሰሳት አገኘኋት። ተሸክሜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ «ፅንሱ ወርዷል። ከዚህ በፊትስ ወርዶባት ያውቃል?» አለኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ በሙሉ ልብ።

ጫልቱ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሁለት ጊዜ» አለች።

ወገኖቼ፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር! «ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«መንገድ ላይ ነበሩ። ሲመለሱስ መቼ ጠየቁኝ?»

ድሬሰሩ መርፌ ወጋትና «የቀረው የእግዚአብሔር ነው» አለኝ። ቤት ከመለስኳት በኋላ ጎረቤታችን ጋሼ ደስታ ሊጸልዩላት መጡ። የወንጌል አማኝ ስለሆኑ ከዚያ በፊት ደጄን አላስረግጣቸውም ነበር። «ጸልየው ይሂዱ» አልኳቸው።

«እጸልያለሁ። መጀመሪያ አንተ እጇን ያዝ» አሉኝ።

በሰው ፊት የሚስት እጅ! አፈርኩ፤ ግን ያዝኩት። እሳቸው «አባት ለሌላቸው አባት የሆንክ ጌታ ሆይ» ሲሉ፣ ስንት ዘመን ያመቅሁት እንባ ወረደ። ማንም አልገረፈኝም። ሃሌ ሉያ! እዚያው ጌታን ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ስሙ ይባረክ! ያን ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ወረዱት ልጆቻችን ጠየቅኋት። ለካ ለሁለቱ ብቻዋን ስም አውጥታላቸው ኖሯል። ለሦስተኛው ግን አብረን አወጣን።

እስከ ዛሬ ልጅ የለንም፤ ቤታችን ግን ወግ አያጣም፤ ጌታ ይመስገን! ወንድሞቼ፣ ልቡን ለሚስቱ መግለጥ የሚያስፈራው ካለ፣ መጀመሪያ ለጌታ ይግለጠው። እመኑት። እኔ እያለቀስኩ ወደ እሱ ሄድኩ፤ አልተቆጣኝም።