አባቴ ግጥም የሰጡኝ ቀን

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጥር የሰርግ ወራት፣ ቡሬ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰርግ ላይ «ተቀበይ» ሲሉኝ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ዘፋኝ ነኝ። መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ፤ ኋላ ከመሰንቆ መቺው ከአዳሙ ጋር ሰርግ ለሰርግ መዞር ጀመርኩ። አባቴ በአገሩ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። የጨዋ ልጅ አዝማሪ ሆነች ብለው ከቤት አስወጡኝ። እናቴን እንኳ ገበያ ላይ ተደብቄ ነበር የማገኛት። ሰው አባትሽ ማን ነው ሲለኝ ሞቷል እል ነበር፤ አፌን ይቁረጠው።

የዚያን ዕለት ሙሽሮቹን እያወደስኩ ሳለ ዓይኔ ሽማግሌዎቹ ላይ ቢያርፍ አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ለካ የሙሽራው አባት ወዳጅ ኖረዋል፤ እኔ ከየት ልወቅ! አዳሙን በጆሮው እንሂድ አልኩት። ሰርግ አቋርጠን ከወጣን ከእንግዲህ ማን ይጠራናል አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንጀራችን ነው። ዓይኔን የዳሱ ጣራ ላይ ተክዬ ዘፈንኩ።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«ተቀበይ!» አሉኝ።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። እድምተኛ ግጥም ሲሰጥ ዘፋኝ እንዳለ ተቀብላ በዜማ ታወጣዋለች። ቢያሞግስ ሙገሳውን፣ ቢሰድብ ስድቡን፤ ስድቡ የራሷ ቢሆንም እምቢ አይባልም። በሕዝብ ፊት፣ በገዛ አፌ፣ ልጃቸው አይደለሁም ሊያሰኙኝ ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ። የሚያውቁን ሰዎችም ወደ እኛ ዞሩ። አዳሙ መሰንቆውን ቀስ አድርጎ ይመታል።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰጡኝ፦

«የማን ልጅ ናት ብሎ ሰርገኛው ቢጠይቅ፣
የኔ ናት በሉልኝ ከእንግዲህ አልደበቅ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ደገሙልኝ። ተቀበልኩ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ግን እንባ ድምፄን ቆረጠው። የጨረሱልኝ ሴቶቹ ናቸው፣ በእልልታ።

ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አጠገባቸው የተቀመጠ እንግዳ ሰው «ይቺ ልጅ ድምፅዋ መልካም ነው፤ የማን ናት?» ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል። «አላውቃትም ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ወደዱት ማለቴ አይደለም። እናቴ እንደነገረችኝ ግን ልጅ የሚድር ሰው ባገኙ ቁጥር «የኔዋን ጥሯት» ይሉ ነበር። እንጀራዬም እየሰፋ ሄደ፤ እስከ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ተጠርቼ ዘፍኛለሁ።

አሁን አርጅተዋል፤ ጆሯቸውም ከብዷል። ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እዘፍንላቸዋለሁ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ ይቆጡኛል።

«ከፍ አድርጊው» ይሉኛል።